«ያልተነካ» አትበሉት!

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ጓሳ እኮ ቲክቶክ ላይ ነገሠች!» ብሎ ጽፎበታል። ከፈትኩት። ድሮኑ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ወደ ታች ይንሳፈፋል። ጭጋጉ ቆላውን ሞልቶ ባሕር መስሏል። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ጭላዳዎቹ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ሞቀ። ላይክም አደረግኩ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት በወፍራም ጃኬት ብቅ አለና «ማንም የማያውቀው፣ የሰው እጅ ያልነካው ገነት አገኘሁላችሁ!» አለ።

ላይኬን መልሼ አነሣሁት።

ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ። ልጁ ያንን ብርድ ችሎ፣ ያንን መንገድ ታግሦ መጥቷል፤ እግዜር ይስጠው። ጠቤ ከልጁ ጋር አይደለም፤ ስሙንም አልጠራም። ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። «ያልተነካ»። ይቺ ቃል በየቪዲዮው አለች፣ በየብሮሸሩ አለች፣ በየስብሰባው «ያልተነካ የቱሪዝም ሀብት» እየተባለች ትደሰኮራለች። ለኛ ለመንዞች ግን ስድብ ናት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ክፍል ውስጥም 40 ደቂቃ በቅቶኝ እንደማያውቅ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ለማታውቁት። ጓሳ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሀል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ያለ ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በስተምሥራቅ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከታች ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ የአፋር ሜዳ። ጠዋት ጭጋግ ሲሞላው አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ባሕር ዳርቻ የቆመ ይመስለዋል። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ውኃ ግማሹ ወደ አባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጓሳ የቦታው ስም ብቻ አይደለም፤ የሣሩም ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል።

እንግዲህ ያን ቪዲዮ ለአንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ምን አለ ልጁ?» አሉኝ።

«የሰው እጅ አልነካውም ነው የሚለው፣ አባባ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን እየመለሱልኝ «እንዲያ ከሆነ እኛ በዚያ ውርጭ ስንጠብቅ የኖርነው ምኑን ነው?» አሉ።

ይሄን ጥያቄ ነው ይዤ የመጣሁት። ለልጁም፣ ለብሮሸር ጸሐፊውም፣ ለተናጋሪውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቶቻችን እንደሚነግሩን አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት ቀደምት ሰዎች ነበሩ። ፈረስ ጋልበው ተወዳድረው ወሰናቸውን ለዩ፤ ጓሳውንም ለሣርና ለግጦሽ ብለው ከእርሻ ለዩት። ጌራ ስሙ ዛሬም አለ፤ ወረዳችን መንዝ ጌራ ምድር ነው የሚባለው። ይህ የሆነው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ወደ 400 ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጓሳው ሕግ አለው። ሕጉ የቀሮ ሥርዓት ይባላል።

ሕዝቡ አለቃ ይመርጣል፤ የአስቦ ወገን የራሱን፣ የጌራ ወገን የራሱን። አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ጓሳውን ይዘጋል። ሲዘጋ ለቀልድ አይደለም፤ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ማንም ከብት አይነዳበትም። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራ ይጠብቃል። ተራውን የዘለለ ይቀጣል፤ ሕጉን ጥሶ የገባ ደግሞ ከዚያ የባሰ ይቀጣል። ሣሩ በቅቷል ሲባል፣ በጋውም ሲበረታ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይወጣል።

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡት። በሬህ ከስቷል። በጋ ነው፣ መስኩ ነጭ ሆኗል። እዚያ ማዶ፣ በእግር በምትደርስበት ቦታ፣ ሣር እስከ ጉልበት ደርሶ ይታይሃል። ጨለማ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ የሚያይህ የለም። ግን አትገባም። ዘንድሮ አትገባም፣ ከርሞም አትገባም። አባትህም አልገባም፣ አያትህም አልገባም። እንግዲህ ያ በሬው እየከሳ ያልገባ ገበሬ ነው ጓሳን የሠራው። ድሮኑ ያነሣው እሱን ነው። ሣሩ የሱ ትዕግሥት ነው። እና አንተ መጥተህ «ያልተነካ» ትላለህ!

ተነክቷል ወዳጄ። ተነክቶም፣ ተቆጥሮም፣ ተጠብቆም ነው እንዲህ ያማረው።

ልሸፋፍን አልፈልግም፤ ያኔ ሁሉም ነገር ገነት አልነበረም። ቀሮ የባለ ርስቶች ሥርዓት ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ እቆጠራለሁ ማለት ያልቻለ ሰው ሣሩን ከሩቅ ነበር የሚያየው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱም ቀረ፣ ከርስቱ ጋር የቀሮ ጉልበትም ተሰበረ። ያልነበራቸው ሰዎች መብት አገኙ፤ ይሄ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም። ግን ጠባቂው ማን እንደሆነ ጠፋ። የሁሉም የሆነው የማንም ያልሆነ መሰለ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ከብቱ ያለ ወቅቱ ገባ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተነቀለ። ያን ጊዜ የነበሩት ሲያወሩት «ጓሳ ራቁቱን ሊቀር ነበር» ይላሉ።

ያዳነው ማን ነው? ተፈጥሮ እንዳትሉኝ። አሁንም ሰው ነው። አዋሳኝ ቀበሌዎች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ድሮ ባለ ርስት የነበረውም ያልነበረውም አብሮ ገባ። እንደገና ዘጉ፣ እንደገና ጠበቁ። በኋላ የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀላቸው፤ ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲም አገዛቸው። ስለዚህ ይህ ቦታ አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በሰው እጅ የተሠራ ነው።

«እሺ ቲቸር፣ ቃል ናት፣ ምን ታመጣለች?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ታመጣለች። ሦስት ጉዳት ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፣ ያልተነካ ነገር ባለቤት የለውም። ባለቤት በሌለው ቦታ ደግሞ እንግዳ እንደፈለገ ይሆናል። መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሣሩ ላይ ይነዳል። ከጎማው ሥር የአይጡና የፍልፈሉ ጉድጓድ ይደረመሳል። ቀይ ቀበሮ የሚበላው እኮ እነዚህን ነው! ጉድጓዱን የደረመሰ የቀበሮውን መሶብ ገለበጠ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ፣ ያደገው ቁጥሩ ከ500 የማይሞላ እንስሳ ነው። ሌላው ለጭላዳ ዳቦ ይወረውራል፣ «ሲያምር!» እያለ ይቀርጻል። ጭላዳው የሰው ምግብ ለምዶ ነገ የገበሬው ገብስ ውስጥ ሲገባ ልጁ አዲስ አበባ ነው። ድንጋይ ይዞ ሲከላከል የሚውለው እረኛው ነው። የውኃ ላስቲኩን የሚለቅመውም እሱ።

ሁለተኛ፣ «ያልተነካ» ሲባል የሚሰማው ቱሪስት ብቻ አይደለም። ሌላም ጆሮ አለ። «ያልተነካ» ለሱ «ሥራ ፈት መሬት» ማለት ነው። ይታረስ፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበት፣ ይታጠር፣ ለእገሌ ይሰጥ። ልብ በሉ፤ ገነት ብሎ የሚያደንቀውና ጦም አደረ ብሎ የሚመኘው አንድ ቃል ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱም እዚያ ሰው አይታያቸውም።

ሦስተኛ፣ እና ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ቦታው ያልተነካ ከሆነ እዚያ የቆመው ገበሬ ምንድነው? ነኪ ነዋ! ካሜራው ውስጥ ሲገባ ሥዕል የሚያበላሽ። ማጭድ ይዞ ሲታይ አጥፊ። ጠባቂውን ሌባ የምታደርግ ቃል ናት።

የሰሜን ተራሮችን አስታውሱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው። በመሀሉ ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ሰዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። መነሣታቸው ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለውን አሁን አልፈርድም፤ ዋልያም መዳን አለበት። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰውን ከተራራው አውጥቶ ተራራውን ማዳን አንድ መንገድ ነው። ጓሳ ሌላ መንገድ ነው። እዚህ ሰውየው ነው አጥሩ። እሱን ካወጣኸው አጥሩን አፈረስክ። «ጓሳን መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ይረከበው» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ሐሳባችሁ ቅን ነው፣ ግን 1967ን አስታውሱ። ባለቤት ሲደናገር ሣሩ ነው የሚያልቀው።

ነጮቹም ዘግይተው ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው፣ እያንዳንዱ አንድ በግ ልጨምር ሲል መስኩ ያልቃል ብሎ ጻፈ፤ ዓለም ተቀበለው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ሴት ግን የስዊስ ተራራ መንደሮችን፣ የጃፓን መንደሮችን አጥንታ «አይደለም፣ ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው ጠብቀው፣ ራሳቸው ቀጥተው ለዘመናት ያቆዩት የጋራ መሬት አለ» አለች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። ይገባታል። ግን ጓሳ ብትመጣ ኖሮ አንድ የመንዝ ሽማግሌ ኑግ ለመሰለ ጠላ ቁጭ አድርገው በአንድ ከሰዓት ይነግሯት ነበር። እኛ ግን የሷን ፎቶ በስላይድ እያሳየን እናስተምራለን፤ የሳቸውን ስም ተማሪው አያውቅም።

ይሄ የኔም ጥፋት ነው፤ አልሸሽም። አንድ ጊዜ ክፍል ገብቼ «የተጠበቁ ቦታዎች ጥሩልኝ» አልኩ። ሰሜን ተራሮች አሉ፣ ባሌ አሉ፣ አዋሽ አሉ፣ አንዱ ሰርንጌቲ አለ። ጓሳን የጠራ አንድም የለም። ከዚያ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ያደገ ነው! «ጓሳስ?» ስላቸው አንዷ ልጅ ሳቀችና «ቲቸር፣ እሱማ የኛ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ደነገጥኩ። የኛ የሆነ ነገር ትምህርት አይመስላቸውም። ይሄን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ስለ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስናገረው ጸጥ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለው ጭላዳን ያጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት እንዲህ ይላል፦ ቀይ ቀበሮ ለብቻው አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከ100 ሙከራ 25ቱ ነው። በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ግን መንጋው መሀል ለመግባት አንድ ነገር ማሟላት አለበት። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ ሲልፈሰፈስ ዞር ብሎ አያየውም። አንዴ ቢነካ መንጋው ያባርረዋል፤ ጥቅሙ ሁሉ ይቀርበታል። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ የሱ ያልሆነውን አይነካም። በዚህም ይጠግባል።

ይሄ እኮ ቀሮ ነው! እንስሳው እንኳ የተረዳው ሕግ ነው። እንግዳውም እንዲሁ ቢሆን ምን አለበት?

ስለዚህ ኑ። አትምጡ ማለቴ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ኑ። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ፣ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ግራ ታጠፉ። መዘዞን፣ ሞላሌን እያላችሁ መሀል ሜዳ ትደርሳላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ሰላ ድንጋይን እዩ፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረች ናት። አርባራ መድኃኔዓለምን ሳሙ፤ ዋሻው ውስጥ ሳይፈርስ የቆየ የሰው አስከሬን ታያላችሁ። የመንዝ ባና ግዙ፤ ከዚያው ከመንዝ በግ ፀጉር የተፈተለ ነው፣ ለሌሊቱ ታመሰግኑኛላችሁ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ ቀልድ አይደለም።

ጓሳ ስትገቡ ግን ባለቤት ያለው ግቢ እንደገባችሁ ቁጠሩት። የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ፤ እዚያ እደሩ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፤ ክፈሉት፣ አትከራከሩት። መኪናችሁን መንገድ ላይ አቁሙና በእግር ሂዱ። ለጭላዳ ምንም አትስጡ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰው ስትቀርጹ አስፈቅዱ። ፖስት ስታደርጉ ደግሞ «አገኘሁት» ሳይሆን «ጠብቀው አቆዩኝ» በሉ። ይቺ ብቻ ብትስተካከል ግማሹ ዕዳ ተከፈለ እላለሁ።

ባለሥልጣን ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፦ የቱሪዝም ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን ሣር እያየ በሬው የሚከሳበትን ሰው አስቡት። መንገዱን ሥሩለት። ውሻዎቹን አስከትቡለት። ልጁ የሚማርበትን ክፍል በር ግጠሙለት፤ ጓሳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ እኛም ክፍል ይገባል፣ ጣታቸው ደንዝዞ እስክሪብቶ የሚወድቅባቸው ልጆች አሉኝ። 400 ዓመት በነፃ ለጠበቀ ሕዝብ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሀብታም ናችሁ» ማለት ብቻውን ደመወዝ አይሆንም።

መጨረሻ ላይ ለናንተ፣ ለተማሪዎቼ። ከመንዝ ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ዓረብ ሀገር ያላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ምን ሊያደርግልን ነው፣ ተከፋፍለን ብናርሰው ይሻላል» ስትሉ ሰምቻለሁ። መሬት እንደጠበባችሁ አውቃለሁ፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ግን ያ መሬት ብርዳም ነው፣ ቢታረስ ጥቂት ዓመት ገብስ ይሰጥና አፈሩ ገደል ይገባል። ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ይደርቃል፤ የአባታችሁን ገብስ የሚያበቅለው ያ ውኃ ነው። የኛ ትውልድ ትልቅ ነገር ሠራ ባይባል እንኳ፣ ቀሮን ያፈረሰ ትውልድ አይባል። አያቶቻችን ሳይጽፉ፣ ሳይቀርጹ፣ ላይክ ሳይጠብቁ አቆዩት። እኛ ስልክ ይዘን እናጥፋው?

የሳቸውን ጥያቄ መልሼ ላስቀምጠው፦ «እኛ በዚያ ውርጭ ስንጠብቅ የኖርነው ምኑን ነው?»

መልስ ያለው ሰው ኮሜንት ላይ ይጻፍ። አነብላቸዋለሁ።